ልጆቻችንና ስልክ፤ መልሱ እንደ አጠያየቁ ነው

የኖርዌይ ልጆች በቀን በአማካይ 219 ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ያሳልፋሉ። የስዊዘርላንድ ልጆች ደግሞ 134 ደቂቃ። ቁጥሩ የተገኘው «ኢዩ ኪድስ ኦንላይን» የተባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጣው ሪፖርት ነው። በ19 አገሮች ከ25 ሺህ በላይ ልጆች ተጠይቀውበታል። በሁለቱ አገሮች ልጆች መካከል ያለው ልዩነት 85 ደቂቃ ነው፤ አንድ ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ ውጭ ወጥቶ ኳስ ተጫውቶ የሚመለስበት ጊዜ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከተል ሁላችንም አይተነዋል። አንዱ «ፈረንጅ ልጁን ለስልክ አሳልፎ ሰጠ» ይላል። አንዷ «የኛዎቹማ ይብሳሉ» ብላ ትጽፋለች። ሌላው ምንም ሳይጽፍ ማታ ቤቱ ሲገባ የልጁን ስልክ ይነጥቃል። ልጁ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ያጠፋው የኖርዌይ ልጅ ነው።

እኔ ለአሥራ አንድ ዓመታት ያህል እንጀራዬን የበላሁት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት በመዞር ነው። መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ በኋላ ደግሞ የመረጃ ሰብሳቢዎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ስለ ስልክና ኢንተርኔት ጠይቄአለሁ። ከዚያ ሥራ አንድ ልማድ ቀርቶልኛል። ቁጥር ሲነገረኝ ከመደንገጤ በፊት አራት ነገር አጣራለሁ። የተጠየቀው ማን ነው? በምን ቃል ተጠየቀ? መልሱን ከየት አመጣው? ሲመልስስ አጠገቡ ማን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በአገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ይጠቅማሉ። የበለጠ የሚጠቅሙት ግን በገዛ ቤታችን፣ የገዛ ልጃችንን ስንጠይቅ ነው።

የተጠየቀው ማን ነው?

ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው መያዙን ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም። አማስላ፣ ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ ትቀምሳለች። ናሙና ማለት ይኸው ነው። አፍሮባሮሜትር የተባለው በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ተቋም በአንድ አገር የሚጠይቀው 1,200 ወይም 2,400 ሰው ብቻ ነው። በ1,200 ሰው እንኳ ውጤቱ ከእውነተኛው የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ወደላይም ወደታችም ከ3 ነጥብ አይበልጥም። ድስቱ ካልተማሰለ ግን በጭልፋ ብንቀምስም ዋጋ የለውም።

በዚህ ነገር የታወቀው ታሪክ የአሜሪካው «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለፕሬዚዳንትነት ማን እንደሚመረጥ ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠየቂያ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋሉ አለ። ያሸነፉት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሆኑ፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ይዘው። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ደህና ኑሮ ያለው ነው። ደሃው ካርዱ ጭራሽ አልደረሰውም። ካርዱ ከደረሳቸውም ብዙዎቹ አልመለሱትም።

ዛሬ በአሜሪካ ስልክ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ችግሩ ግን በሌላ መልክ ተመልሷል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በስልክ ለሚያደርጋቸው ጥናቶች ከ100 ሰው 36ቱ ይመልሱለት ነበር። በ2018 ቁጥሩ 6 ደርሷል። ሰው የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም።

እኛም ጋ ነገሩ ደርሷል። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ቤት ለቤት መዞር ሲከለከል የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ በስልክ ጥናት አካሂዷል። ቁጥሮቹን ያገኘው ቀደም ሲል ቤት ለቤት በተደረገ የኑሮ ጥናት ላይ ከተመዘገቡ ቤተሰቦች ነው። በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች መለሱ። ከእነዚያ የተመዘገቡ ቤተሰቦች መካከል በከተማ ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት በስልክ ሊገኙ ይችላሉ፤ በገጠር ግን 40 ያህሉ ብቻ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ስልክ ያነሱት ቤቶች ስልክ የሌላቸውን እንዲወክሉ በስሌት ማመዛዘን ነበረባቸው። ማመዛዘን ይረዳል፤ ስልክ የሌለውን ሰው ግን አያናግርም።

ደግሞ ቤቱ ከተገኘ በኋላ ከቤቱ ውስጥ ማንን? ይህን ጥያቄ እኔ በእግሬ ለምጄዋለሁ። ሌስሊ ኪሽ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ዘዴ አለ። የቤቱን አዋቂዎች ሁሉ በጾታና በዕድሜ ተራ ትመዘግቢያለሽ፤ ከዚያ ሠንጠረዡ የሚልሽን ሰው ትጠይቂያለሽ። በሩን የከፈተልሽን ወይም ወሬ የሚወደውን አይደለም። አፍሮባሮሜትርም አንዱን ቤት ወንድ ከጠየቀ በቀጣዩ ቤት ሴት ይጠይቃል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ገጠር ውስጥ ዕጣው የወደቀው በቤቱ ምራት ላይ ሆነ። አማቷ ወንበር እየሳቡልኝ «እሷ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? እኔን ጠይቂኝ» አሉ። እንደ ምንም ብዬ፣ ቡና እስኪፈላ ጠብቄ፣ እርሳቸውን ስለ እርሻው ለባልደረባዬ አጫውቱልኝ ብዬ ምራቲቱን ጓሮ ወስጄ ጠየቅኋት። በቤቱ ስልክ መኖሩን ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር። እሷ ደግሞ ስልኩ የባሏ መሆኑን፣ እሱ ከተማ ሲወርድ ይዞት እንደሚሄድ፣ እናቷን የምታገኘው እሱ በሚኖርበት ማታ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። «ቤቱ ስልክ አለው» እና «ሰውዬዋ ስልክ አላት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሌላ አገር የሚመጣ ቁጥር የትኛውን እንደቆጠረ ሳናይ ከኛ ጋር ብናነጻጽር ባቄላን ከሽምብራ እየመዘንን ነው።

በምን ቃል ተጠየቀ?

ደሴ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገብቼ «እማማ፣ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ?» አልኳቸው። «ኧረ ምን ጠቅሞኝ ልጄ!» አሉኝ። ሳቅን። «መጠቀም» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው፤ ሥራ ላይ ማዋልም ነው፣ ጥቅም ማግኘትም ነው። እርሳቸው የመለሱልኝ ሁለተኛውን ነው። ጥቂት ቆይቼ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ስጠይቅ «አንዷ ቤሩት ናት፤ በየእሁዱ በኢሞ ፊቷን እያየሁ ነው የማወራት» አሉኝ። ቀደም ብሎ ወረቀቱ ላይ «ኢንተርኔት አይጠቀሙም» የሚለው ሳጥን ተሞልቷል። ኢሞ ያለ ኢንተርኔት እንደማይሠራ ግን መጠይቁ አልጠየቀም።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በስሪላንካ የሚገኘው ሊርንኤዥያ የተባለ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ በኢንዶኔዥያ ሲያጠና ኢንተርኔት አንጠቀምም የሚሉ ሰዎች ስለ ፌስቡክ በደስታ ሲያወሩ አገኘ። በ2015 ኳርትዝ የተባለ የዜና ድርጅት ነገሩን ለማረጋገጥ በኢንዶኔዥያና በናይጄሪያ አስጠየቀ። ፌስቡክ እንጠቀማለን ካሉት ውስጥ በኢንዶኔዥያ 11 በመቶ፣ በናይጄሪያ 9 በመቶ የሚሆኑት ኢንተርኔት አንጠቀምም ብለው መለሱ። ለእነርሱ ኢንተርኔት ማለት ኮምፒውተር ቤት ተቀምጦ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስልካቸው ላይ ያለው ደግሞ ፌስቡክ ነው። ፒውም በኋላ «ኢንተርኔት እጠቀማለሁ» ያለውን ብቻ ሳይሆን ስማርት ስልክ አለኝ ያለውንም እየጨመረ መቁጠር ጀመረ።

ቃሉ አንድ ሆኖ ልማዱ የሚለይበትም አለ። በጃፓን ዶኮሞ የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 «አይሞድ» የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ሌላው ዓለም በስልኩ አጭር መልእክት በሚልክበት ዘመን ጃፓናዊው በኪሱ ስልክ ኢሜይል ይጻጻፍ ነበር። በዚያ ጊዜ «አጭር መልእክት ትልካለህ?» ብለው ቢጠይቁት «አይ» ይላል፤ ጣቱ ግን ከቁልፉ አይነሳም። ደግሞ በባቡር ውስጥ ጮክ ብሎ በስልክ ማውራት ነውር ነው። የስልኩን ድምፅ ማጥፊያ ጃፓኖች «የሥነ ሥርዓት» ሁኔታ ብለው ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ባቡር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚነካካ ጃፓናዊ ወጣት ሰው የናቀ ሳይሆን ሰው ላለመረበሽ የሚጠነቀቅ ሊሆን ይችላል። በእኛ ታክሲ ውስጥ ቢሆን ሌላ ስም እንሰጠው ነበር።

የኛንም ልማድ እንመልከት። ሚስኮል የማያውቅ አለ? ጆናታን ዶነር የተባለ ተመራማሪ በሩዋንዳ ይህን ልማድ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሞታል። ሰዎች ደውለው ሳይነሳ የሚዘጉት በዘፈቀደ አይደለም፤ ሕግ አለው። «መልሰህ ደውል» ለማለት፣ «ደርሻለሁ» ለማለት፣ ወይም «አስቤሃለሁ» ለማለት ብቻ ይሆናል። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ የተሻለ ገቢ ያለው ነው። እንግዲህ «በሳምንት ስንት ጊዜ ስልክ ደወልክ?» የሚል መጠይቅ ይህን ሁሉ በየትኛው ሳጥን ያስገባዋል? ጥሪ አልተነሳም፣ ሳንቲም አልተከፈለም፤ መልእክቱ ግን ደርሷል።

ሌሎች ትንንሽ ወጥመዶችም አሉ። በብዙ አገሮች የተመዘገበው የሲም ካርድ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል፤ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ሲም ስለሚይዝ ነው። እኛም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘ ሰው እንግዳ አይደለም። ደግሞ ውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ «ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ ስልክ ትጠቀማለህ?» ብሎ ሲመጣ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 መሆኑን ተርጓሚው ካልለወጠው፣ መላሹ ሊነጋጋ ሲል እንዳለ አድርጎ ይረዳዋል። «ኧረ ማን ነው በዚያ ሰዓት የሚነቃ!» ይላል፤ ቁጥሩም ያንኑ ይዞ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ፒው እ.ኤ.አ. በ2015 በ40 አገሮች ሲጠይቅ ከደቡብ ኮሪያ አዋቂዎች 94 በመቶ ኢንተርኔት ይጠቀሙ ነበር፤ በኢትዮጵያ 8 በመቶ። እንዲህ ያለ ገደል በቃል አመራረጥ አይፈጠርም። መብራት፣ የስልክ ዋጋ፣ የፓኬጅ ዋጋ፣ ማንበብ መቻል፣ በራስ ቋንቋ የሚነበብ ነገር መኖር አለመኖር ነው የሚፈጥረው። መጠንቀቅ የሚገባን በትንንሾቹ ልዩነቶች ላይ ነው። የኖርዌይና የስዊዘርላንዱም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚያ ጥናት በአንዳንዱ አገር ልጆቹ የተጠየቁት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፣ በአንዳንዱ ቤታቸው። ከ85ቱ ደቂቃ ስንቱ የልጆቹ፣ ስንቱ የአጠያየቁ እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

መልሱን ከየት አመጣው?

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ይዘህ ትውላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አይቆጥርም፤ ይገምታል። ሁለት ተመራማሪዎች በኖርዌይ 426 ሰዎችን ስለ ስልክ አጠቃቀማቸው ጠይቀው፣ መልሱን ከስልክ ኩባንያው መዝገብ ጋር አስተያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤታቸው መልሱና መዝገቡ የሚገናኙት በመጠኑ ብቻ መሆኑን አሳየ። አንዳንዱ አብዝቶ፣ አንዳንዱ አሳንሶ ነው የተናገረው። በ2021 ደግሞ እንዲህ ያሉ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ሥራ ታትሞ ያንኑ አጸና፤ በትክክል የሚገምት ሰው ጥቂት ነው።

«ብዙ ትጠቀማለህ ወይስ ጥቂት?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የእያንዳንዱ ሰው ቁና የተለያየ ነው። የሃርቫርዱ ጋሪ ኪንግና ባልደረቦቹ ይህን በሌላ ጉዳይ አሳይተውታል። በቻይናና በሜክሲኮ ሰዎችን «በመንግሥት ሥራ ላይ ምን ያህል ቃልዎ ይሰማል?» ብለው ጠየቁ። ቻይናውያን ከሜክሲኳውያን የበለጠ ይሰማል አሉ። ሜክሲኳውያን ግን በዚያው ሰሞን ለ70 ዓመት ገደማ የገዛ ፓርቲን በምርጫ ያወረዱ ሕዝብ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የምናብ ሰዎችን አጫጭር ታሪክ አስከትለው «የዚህችስ ሴት ቃል ምን ያህል ይሰማል?» እያሉ ሲጠይቁ የሁለቱ አገሮች ቁና የተለያየ መሆኑ ታየ። በእነዚያ ታሪኮች ሲመዘን ውጤቱ ተገለበጠ። ይህን ዘዴ ያዙልኝ፤ ቤት ውስጥ ይጠቅመናል።

ሲመልስ አጠገቡ ማን ነበር?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ስጠይቅ እናቷ ጎኗ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅሙ ነበር። «ከማታውቂው ሰው በስልክ መልእክት ደርሶሽ ያውቃል?» ስላት ልጅቱ እኔን አላየችም፤ እናቷን ነው ያየችው። «አያውቅም» አለች። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተዋል። እኔ ግን ከመልሱ ይልቅ የዓይኗን አቅጣጫ ነው ያስታወስኩት።

በሥራችን ለዚህ መላ ነበረን። እናትን ማስወጣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሆነን እንገባና አንዷ እናትን ወጥ ቤት ስታነጋግር ሌላዋ ልጅቱን ትጠይቃለች። ታብሌት ከመጣ በኋላ ደግሞ ከባድ ከባዱን ጥያቄ ልጁ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ነክቶ፣ ማንም ሳያይ እንዲያልፈው ማድረግ ተቻለ።

ይህ ጥንቃቄ ምን እንደሚያወጣ የመጀመሪያው ትልቁ የኢዩ ኪድስ ኦንላይን ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ25 አገሮች፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 16 የሆኑ 25,142 ልጆችና ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወላጅ ተጠየቁ። የተጠየቁት ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ስሜት የሚነኩትን ጥያቄዎች ለብቻቸው ሞሉ። ከዚያ የልጁና የወላጁ መልስ ጎን ለጎን ተቀመጠ።

ኢንተርኔት ላይ የወሲብ ምስል ካዩት ልጆች ወላጆች መካከል 40 በመቶ ያህሉ «ልጄ አላየም» ብለዋል። የሚያዋርድ ወይም የሚጎዳ መልእክት ከደረሳቸው ልጆች ወላጆች 56 በመቶ «ልጄ አልደረሰውም» ብለዋል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚያውቁትን ሰው በአካል ሄደው ካገኙ ልጆች ወላጆች ደግሞ 61 በመቶው «ልጄ አላደረገም» ብለዋል። እነዚህ ቸልተኛ ወላጆች አይደሉም። መጠይቅ አስሞልተው፣ ልጃቸውን አስጠይቀው፣ እናውቃለን ብለው የመለሱ ናቸው።

በጎኑም መታየት ያለበት አለ። በዚያው ጥናት ኢንተርኔት ላይ ያጋጠመኝ ነገር ረብሾኛል ያሉት ልጆች ከ100 12 ናቸው። አብዛኞቹ አልተረበሹም። ችግሩ የኔ ልጅ ከ12ቱ ይሁን ከ88ቱ በሰዓት ቆጠራ አለመታወቁ ነው። አራት ሰዓት ስልክ ላይ የዋለ ልጅ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ የነካው ደግሞ የሚያስፈራራው ሰው መልእክት ደርሶት ሊሆን ይችላል።

ይህ የአውሮፓ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን ደግሞ፣ ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት በጋራ ባካሄዱት ጥናት የኢትዮጵያ ልጆችም ተጠይቀዋል፤ የአገራችን ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የተጠየቁት ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችና ከአሳዳጊዎቻቸው አንዱ ናቸው። ጉዳዩም በኢንተርኔት አማካይነት በልጆች ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ነው። ጉዳዩ እኛም ቤት የሚጠየቅ ሆኗል።

እኛስ ቤት ውስጥ እንዴት እንጠይቅ?

ከሜዳ ሥራዬ ለወላጅና ለአያት ይጠቅማሉ የምላቸውን ልጻፍ።

ሰዓቱን ለማወቅ ልጁን አትጠይቁት፤ ስልኩን ጠይቁት። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ በአይፎን ደግሞ «ስክሪን ታይም» የሚባል ቦታ አለ፤ ቅንብሩ ውስጥ ይገኛል። መጀመሪያ የራሳችሁን ከልጁ ጋር ሆናችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ የእሱን። የአባትየው ከልጁ ከበለጠ ወሬው በሳቅ ይጀምራል፤ ያም ደግ ነው።

በአፍ ስትጠይቁ «ሁልጊዜ» አትበሉ። «ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነህ አይደል?» የሚለው ክስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ትናንት ከትምህርት ቤት ከመጣህ በኋላ ስልኩን ለምን ለምን ተጠቀምክበት?» በሉት። ትናንት ቅርብ ነው፤ ልጁ ያስታውሰዋል።

በእሱ ቃል ጠይቁ። «ኢንተርኔት ላይ ከማን ጋር ታወራለህ?» ስትሉት «ከማንም» ሊል ይችላል፤ እየዋሸ ግን አይደለም። እሱ «ጌም» ነው የሚጫወተው፤ ጌሙ ውስጥ ግን ከማያውቃቸው ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ጋር ይነጋገራል። ስለዚህ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ጌም እያላችሁ በየስማቸው ጥሯቸው።

ከበድ ላለው ነገር የምናቡን ልጅ ተጠቀሙ። «አንድ የአንተ እኩያ የሆነ ልጅ የማያውቀው ሰው ‹ፎቶህን ላክልኝ፣ ለእናትህ እንዳትነግር› ቢለው ምን ማድረግ ያለበት ይመስልሃል? ለማንስ ይነግራል?» ስለ ሌላ ልጅ ሲናገር የራሱን ቁና ያሳያችኋል። «ለማንም አይነግርም» ካላችሁ ትልቅ መልስ አግኝታችኋል።

ቦታውን ምረጡ። እንግዳ ፊት፣ ወንድምና እህት ፊት፣ ስልኩን ነጥቃችሁ በያዛችሁበት ሰዓት አትጠይቁ። አብሮ ሲሄዱ፣ ሽንኩርት ሲላጥ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይሻላል። እኛ ከመጠየቃችን በፊት «የሚነግሩኝ ምስጢር ነው፤ መመለስ ያልፈለጉትን መተው ይችላሉ» ብለን እናነባለን። ለልጅ ሙሉ ምስጢር ቃል መግባት አይቻልም፤ የሚጎዳው ሰው ካለ ወላጅ ዝም አይልም። ይህንኑ በቅድሚያ ንገሩት። ነገር ግን አንድ ነገር ቃል ልትገቡለት ትችላላችሁ፤ «እውነቱን ስለነገርከኝ ስልክህን አልወስድብህም» በሉት። ብዙ ልጅ የሚደብቀው ጥቃቱን ሳይሆን የስልኩን መወሰድ ፈርቶ ነው። ቃላችሁን ደግሞ ጠብቁ።

አያቶች ሆይ፣ እናንተ ከወላጅ የተሻለ ጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ልጅ ከእናቱ ቁጣ ሸሽቶ አያቱ ጋ ይጠጋል። «ይሄን ኢሞ እስቲ አሳየኝ» በሉት፤ «ይህን ሰው እንዴት ነው ማጥፋት የሚቻለው? መጥፎ ሰው ቢመጣብኝስ?» በሉት። ሲያስተምራችሁ እሱ የሚያውቀውንና የደረሰበትን ይነግራችኋል። ስሙት እንጂ ወዲያው ለአባቱ አትደውሉ፤ አደጋ ካለ ግን ከልጁ ጋር ተመካክራችሁ አብራችሁ ንገሩ።

እና ደግሞ ልጁ «አላውቅም» ወይም «መናገር አልፈልግም» ቢልስ? መጠይቃችን ላይ ለሁለቱም ሳጥን ነበራቸው፤ ሁለቱም መልስ ናቸው። አስገድደን ካስሞላነው ልጅ የምናገኘው ለእኛ የሚመች ወሬ ነው። እኛ ቤቱ ተዘግቶ ስናገኘው ሌላ ቤት አንፈልግም ነበር፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት፣ እስከ ሦስት ጊዜ እንመለሳለን። ልጅ ላይም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ካልነገራችሁ በቁጣ ሳይሆን ዝግጁ ሆናችሁ በሌላ ቀን ጠይቁት።